የአያቴን ባርኔጣ በእንፋሎት አላስነካም ያሉኝ ባርኔጣ ሠሪ

ስቶክፖርት የሄድኩት የአያቴን ባርኔጣ ለማሳደስ ነበር። በዚያ ቀን ባርኔጣው እንደነበረ ሆኖ፣ ኪሴም ሳይነካ ወደ ማንቸስተር ተመለስኩ። ለሱቁ ግን ከአምስት ኮከብ አምስቱንም ሰጥቻለሁ። ደንበኛ የመለሰ ባለሙያ ይህን ያህል ምስጋና ለምን እንደሚገባው ልጻፍ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ አዛውንቱ ባለቤት «ያለኝ ሥራ ይበቃኛል፣ ሰልፍ አታምጪብኝ» ብለውኛል። ከተማውን የምታውቁ ከሆነ፣ ወደ አሮጌው ገበያ የሚወጣውን ዳገት ስትይዙ በስተግራ፣ መስኮቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ባርኔጣ ብቻ የተቀመጠበት ጠባብ ሱቅ ነው።

አያቴ ባርኔጣውን የገዙት በጣሊያን ዘመን አዲስ አበባ ነው። በእኛ ቤት ቦርሳሊኖ ይባላል። ቦርሳሊኖ በ1857 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሌሳንድሪያ በምትባል የሰሜን ጣሊያን ከተማ የተቋቋመ ባርኔጣ ቤት ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ክፈፍ ያለው የሽማግሌ ባርኔጣ ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራ ኖሯል። የአያቴ ባርኔጣ በእርግጥ የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም፤ በውስጥ ቆዳው ላይ የነበረው የወርቅ ጽሕፈት በላብ ተበልቶ አልቋል። ከአያቴ ለአባቴ አለፈ፤ አባባም ለሠርግና ለሽምግልና ብቻ ያወጡት ነበር። እኔ ወደ እንግሊዝ ስመጣ በሻንጣዬ ከተቱልኝ። ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ከርሞ ክፈፉ ተጣሞ፣ አናቱ ላይ ብል ሽንቁር አበጅቶበት ነበር። አባባ ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው አዲስ አስመስዬ ላደርስላቸው አሰብኩ።

ስቶክፖርትን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከማንቸስተር በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጣቢያው ከመድረሳችሁ በፊት ባቡሩ በሃያ ሰባት ቅስቶች ላይ በቆመ የጡብ ድልድይ ላይ ያልፋል፤ በ1840 ያለቀ፣ ወደ 11 ሚሊዮን ጡብ የፈጀ ድልድይ ነው። ከላዩ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ የድሮ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይታያችኋል፤ ዛሬ ሕንፃው የባርኔጣ ሙዚየም ነው። ከተማው በ1884 በዓመት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ባርኔጣ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። የእግር ኳስ ቡድኑ ቅጽል ስም እስከ ዛሬ «ባርኔጣ ሠሪዎቹ» ነው፤ በነገራችን ላይ ከለንደን በስተሰሜን ያለችው የሉተን ቡድንም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ባርኔጣ የሚያሳድስ ሰው በእንግሊዝ አገር ካለ፣ እዚህ ነው ያለው አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ስገባ አዛውንቱ በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ባርኔጣውን ከፌስታል አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ስል፣ «ቆዪ፣ አንዴ ብቻ» ብለው እጄን አስቆሙኝና ከመሳቢያ ቀጭን ሰማያዊ ጓንት አውጥተው አጠለቁ። ነጭ ወረቀት ዘረጉ። ኋላቸው ያለውን መስኮት ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያ ብቻ ባርኔጣውን በሁለት እጃቸው፣ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው ተቀበሉኝ። ክፈፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ቆዳውን ገልብጠው ስፌቱን አዩ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው አናቱን መረመሩ። «ዓመቱ?» አሉ። «ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ» አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እመቤት፣ ይህን ባርኔጣ እንፋሎት ላይ አልዘረጋውም። ሰባ ዓመቴ ነው፤ አንድ ረዳት ልጅም አለኝ። ውስጡ ባዜቃ ሊኖር ይችላል።»

ባዜቃ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እርሳቸው ሜርኩሪ ነው ያሉት። በሙቀት መለኪያ ብልቃጥ ውስጥ እንደ ቀለጠ ብር ሲንከባለል የምናውቀው ፈሳሽ ነው። ባርኔጣ ውስጥ ምን አገባው? እኔም ይህንኑ ጠየቅኩ። እርሳቸውም ወንበር ስበው አስቀመጡኝና፣ ሌላ ደንበኛ ቢገባም «ከሩብ ሰዓት በኋላ» ብለው እየመለሱ አስረዱኝ። ባለሙያ ሥራውን ሲያስረዳ መስማት እወዳለሁ፤ ይህ ደግሞ ከሰማኋቸው ሁሉ የበለጠው ነው።

ጥሩ ባርኔጣ የሚሠራበት ፌልት አይፈተልም፣ አይሸመንም። የእንስሳ ጠጉር በሙቀት፣ በእርጥበትና በግፊት እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ጨርቅ ሲጠብቅ ነው ፌልት የሚባለው። የአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ጠባቂያቸው አድርገው የያዙት ቅዱስ ቀሌምንጦስን ነው፤ ለእኛ ከመጽሐፈ ቀሌምንጦስ ጋር ስሙ የሚነሣውን ማለት ነው። በአፈ ታሪካቸው መሠረት ቅዱሱ መንገድ ሲሄድ እግሩ እንዳይላጥ ጫማው ውስጥ የበግ ጠጉር ከተተ፤ በላቡና በእርምጃው ክብደት ጠጉሩ ጠብቆ ጨርቅ ሆነ። በዓሉን ኅዳር ላይ ያከብሩት ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ መጽሐፈ ቀሌምንጦስ በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነገርኳቸው፤ በጣም ደስ አላቸው፣ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይተሽ ጻፊልኝ ብለው ደብተራቸው ላይ አስጻፉኝ።

ለፌልት ከሁሉ የሚሻለው የቢቨር ጠጉር ነበር፤ ውሃ ውስጥና መሬት ላይ የሚኖር፣ ጥርሱ እንጨት የሚቆርጥ እንስሳ ነው። የጠጉሩ ዘለላ በተፈጥሮው ሻካራ ስለሆነ ያለ ብዙ ድካም ይቆላለፋል። በአደን ብዛት ቢቨር ሲጠፋና ሲወደድ ባርኔጣ ሠሪዎች ወደ ጥንቸል ዞሩ። የጥንቸል ጠጉር ግን ለስላሳ ነው፣ ይንሸራተታል፣ አልያያዝ ይላል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ባዜቃን በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ ቆዳው ላይ እንዳለ ጠጉሩን በብሩሽ መቀባት ነው። ያኔ ጠጉሩ ይሻክራል፣ ጫፉም ብርቱካንማ ቀለም ያወጣል። እንግሊዞች በቀለሙ የተነሣ ሥራውን በካሮት ስም ጠሩት፤ ፈረንሳዮች ግን ዘዴውን ከሰው ይደብቁት ስለነበር «ምሥጢር ማድረግ» የሚል ስም ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እሳትና እንፋሎት ነው። የተቀባው ቆዳ በሞቀ ክፍል ይደርቃል። ጠጉሩ ተላጭቶ፣ ተበጥሮ ሰፊ ቆብ ይመስላል፤ ያ ቆብ በፈላ ውሃ እየተነከረ፣ በእጅ እየታሸ፣ ወደ ግማሹ እስኪወርድ ይጠባል። በመጨረሻ ጫማ ሠሪዎቻችን ፎርማ በሚሉት ዓይነት የእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ በጋለ ካውያ ይተኮሳል። በእያንዳንዱ ደረጃ ባዜቃው ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ሠራተኛው ይተነፍሰዋል። በክረምት ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቱ ይዘጋል። ባርኔጣውን የሚደፋው ሰው ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሠራው ነው።

«አያቴ ሙቅ ውሃው ላይ ነበር የሚሠራው» አሉ አዛውንቱ። የሻይ ኩባያቸውን አነሡና እስከ ግማሹ ጠጥተው አሳዩኝ። «አያቴ ሻይ ሲቀዳለት እስከዚህ ብቻ ነበር። ከዚህ ካለፈ ይፈስበታል። አያቴ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ያሉ ወንዶች ሁሉ ግማሽ ኩባያ ነበር የሚጠጡት። ልጅ ሆኜ የትልልቅ ሰዎች ሻይ ልክ እንዲህ ነው ብዬ አስብ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ አስተርጓሚ ነኝና ቃል ካልተረዳሁ አልተኛም። ሕመሙ ከጣት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የዐይን ሽፋንና ከንፈር ይንቀጠቀጣል፣ የእጅ ጽሕፈት ይበላሻል። ድድ ያብጣል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ለሃጭ ይበዛል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የመንፈሱ ለውጥ ነው፤ ደህና የነበረ ሰው ዓይን አፋር ይሆናል፣ ሰው ሲያየው ይሸማቀቃል፣ በጥቂት ነገር ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይረሳል። በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ የነበረ ፍሪማን የሚባል ሐኪም የባርኔጣ ሠራተኞችን የባዜቃ በሽታ ጽፎ ያሳተመው በ1860 ነው። የኮኔቲከቷ ዳንበሪ ከተማ በባርኔጣዋ ታዋቂ ስለነበረች መንቀጥቀጡ ራሱ በስሟ ተጠራ፤ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ይሉት ነበር። በአሜሪካ ባዜቃ ከባርኔጣ ሥራ የታገደው በታኅሣሥ 1941 ነው። ሐኪሙ ከጻፈ ሰማንያ አንድ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ደጋግሜ ቀነስኩት፤ ያው ሰማንያ አንድ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። እንግሊዞች ለይቶለት ያበደን ሰው «እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ» ይላሉ። በየቀኑ የሚሰማ ንግግር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ አለቃችን ይህን ስትል፣ አጠገቤ የነበረች አዲስ የመጣች የአገሬ ልጅ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። «ጨርቁን የጣለ እብድ ነው አለች» ብዬ ተረጎምኩላት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ትርጉሙ ትክክል ነበር። ባርኔጣ ሠሪው ለምን እዚያ እንደገባ ግን አልጠየቅኩም። ባርኔጣ ሠሪ የሚባል ሰው ከተረት ውጭ ያለም አልመሰለኝም።

ብዙ ሰው አባባሉ የመጣው ሉዊስ ካሮል በ1865 ካሳተመው የአሊስ ታሪክ ይመስለዋል፤ በዚያ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ትርጉም የሌለው እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ባርኔጣ ሠሪ አለ። አይደለም። አባባሉ በ1829 ኤድንበራ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጥቷል፤ ካሮል ያኔ አልተወለደም። እርሱ በአፍ የነበረውን ወስዶ ሰው አደረገው እንጂ አልፈጠረውም። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ሰውየው «ባርኔጣ ሠሪው» ብቻ ነው የሚባለው፤ እብድ የሚለውን ቅጽል አንድ ላይ አጣብቀው ስም ያደረጉለት አንባቢዎች ናቸው።

የመነሻው ነገር ዛሬም ያከራክራል። አንዳንዶች ባርኔጣ ሠሪ የሚለው ቃል የእፉኝት ስም ተበላሽቶ ነው ይላሉ፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ በድምፅ ይቀራረባሉ፣ እብድ የሚለውም ቃል የተቆጣ፣ መርዙን የሚረጭ ማለትም ይሆናል። ሌሎች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የኖረ ሮጀር ክራብ የሚባል የቼሻም ባርኔጣ ነጋዴን ያነሣሉ፤ ንብረቱን ለድሆች አከፋፍሎ፣ ሥጋ ትቶ ቅጠላ ቅጠል እየበላ የመነነ ሰው ነው። በእኛ አገር ቢሆን ባሕታዊ ተብሎ ይከበር ነበር፤ በአገሩ ግን እብድ ተባለ። በ1983 ደግሞ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ዋልድረን የተባለ ሐኪም የካሮል ባርኔጣ ሠሪ በባዜቃ የተመረዘ አይመስልም ብሎ ጻፈ፤ የተመረዘ ሰው ሰው ይሸሻል፣ የካሮል ሰው ግን ሰው ሰብስቦ ያወራል።

ይህ ክርክር አግባብ አለው፤ የሐኪሙንም ነጥብ እቀበላለሁ። ሆኖም እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አባባሉ ከየትም ይምጣ፣ መቶ ዓመት ሙሉ ሲነገር የነበረው እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ባርኔጣ ሠሪዎች በሚኖሩበት አገር ነው። የሚናገረው ሰው በመንገድ ያገኛቸው ነበር። ግማሽ ኩባያ ሻይ ሲጠጡ ያያቸው ነበር። ባርኔጣቸውን ደፍቶ ነው «እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ» ያለው።

ይህ ነገር ለምን ውስጤን እንደነካው ልናገር። የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ምጣዱ፣ ጀበናው፣ እንስራው ሁሉ የእርሳቸው ነው፤ በአካባቢው እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነበረበት። ገበያ ሲወጡ ግን እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ቡዳ ናት ይሏቸዋል። በእርሳቸው ምጣድ የተጋገረ እንጀራ እየበሉ፣ በእርሳቸው ጀበና የተፈላ ቡና እየጠጡ ነው ይህን የሚሉት። አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠራተኛውን ፋቂ እያሉ መንቀፍ አገር ያደኸያል ብለው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ቤታችን ድረስ ዘልቆ እናቴ ሳታገባ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መለሰባት፤ የላኩት ሰዎች ዘሯን ሲሰሙ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ግማሽ የሻይ ኩባያ ይዞ ስለ አያቱ ሲነግረኝ፣ ስለ ማን እንደሚያወራ ወዲያው ገባኝ።

ወደ ሱቁ ሥራ ልመለስ፤ ይህን የምታነቡት ባርኔጣ ለመግዛት አስባችሁ ሊሆን ይችላልና።

አዛውንቱ አሮጌውን ባርኔጣ አላሳድስም ካሉ በኋላ ዝም ብለው አልሸኙኝም። በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አሸጉት፣ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። በቤት ውስጥ በደረቁ አትቦርሺው፣ በተዘጋ ክፍል በእንፋሎት አታሙቂው፣ ልጆች እንዲደፉት አትስጪ፣ ማየት ስትፈልጊ ጓንት አድርጊና መስኮት ክፈቺ አሉኝ። የድሮ ባርኔጣ ያላቸው ሙዚየሞችም እንዲሁ በጓንት ነው የሚይዙት። ለዚህ ሁሉ ምንም አላስከፈሉኝም። ወደ መደርደሪያቸው አይቼ «እንግዲያውስ አምሳያውን አዲስ ሥሩልኝ» ያልኩት ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ነው።

የአባባን ራስ ልክ ወንድሜ በአዲስ አበባ በገመድ ለክቶ ላከልኝ፤ 57 ሴንቲ ሜትር። የአናቱን ከፍታና የክፈፉን ስፋት አዛውንቱ አሮጌውን ከከረጢቱ ሳያወጡ፣ በግልጹ ፕላስቲክ ላይ ሆነው ለኩ። ለናሙና ያህል ደግሞ የእኔን ራስ ለኩ፤ መለኪያው ብቻ የባቡሩን ዋጋ ያወጣል። ፈረንሳዮች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የፈለሰፉት ኮንፎርማተር የሚባል መሣሪያ ነው። ጥቁር ረጅም ባርኔጣ ይመስላል፤ ዙሪያው እንደ ፒያኖ ቁልፍ በተደረደሩ የእንጨት ዘንጎች የተሠራ ነው። ራስ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ዘንግ ራሳችሁን ነክቶ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከላይ ያለው ክዳን ሲዘጋ በዘንጎቹ ጫፍ ያሉ መርፌዎች ትንሽ ወረቀት ይወጋሉ። ወረቀቱ ላይ የራሳችሁ ዙሪያ፣ ጎድጓዳውና ጉብታው ሁሉ፣ በመዳፍ በሚያዝ መጠን ተነጥቦ ይወጣል። የእኔ በስተቀኝ ከጆሮዬ በላይ ትንሽ ገባ ያለ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ተሸክሜው ያላወቅኩትን ነገር አንድ ወረቀት ነገረኝ።

ዋጋው 240 ፓውንድ ነው፤ ውድ ነው። ፌልቱ ንጹሕ የጥንቸል ጠጉር ሆኖ ዛሬ በባዜቃ ምትክ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ባለበት ውህድ የሚዘጋጅ ነው፤ ይህን ሳልጠይቃቸው ነው የነገሩኝ፣ የሸጠላቸውንም ፋብሪካ ደረሰኝ አውጥተው አሳዩኝ። ቀለሙ አመድማ ነው። ክብደቱን በኩሽና ሚዛኔ ለካሁት፤ 120 ግራም። ሲነኩት የሙጭሊት ጆሮ ይመስላል፤ ክፈፉን ጎንበስ አድርጋችሁ ስትለቁት ያለ ማመንታት ወደ ቦታው ይመለሳል። በጣቴ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፤ ጠብታው ክብ ሆኖ ተቀመጠ፣ ስነቀንቀው ተንከባሎ ወደቀ፣ ቦታው ደረቅ ነበር። ጥብጣቡ በእጅ የተሰፋ ነው። ስፌቱን ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋል፤ እኔ ፈልጌ አገኘሁት፣ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ከጸጉር የቀጠነ ነጥብ ነው። ቋጠሮው እንደ ወንድ ባርኔጣ ወግ በስተግራ ውሏል።

እንከን የለውም አልልም። በሰባት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ነው የደረሰው። ስልክ ስደውል የሚያነሣ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ በአካል ሄጄ ነው ያረጋገጥኩት። የውስጡ ሐር ሽፋን በአንድ ጥግ ስፌቱ ላልቶ ነበር፤ እቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያየሁት፣ መልሼ ወሰድኩላቸውና እየቆምኩ ሰፉልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ሱቁ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ይህም በበሩ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። የባርኔጣው ካርቶን ደግሞ ትልቅ ነው፤ በአውሮፕላን ውስጥ ከላይ ካለው መደርደሪያ አይገባም። ከማንቸስተር እስከ ቦሌ በጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፣ ምግብም በላዩ ላይ በላሁ። አምስተኛውን ኮከብ እንድቀንስ የሚያደርገኝ ግን አንዱም አይደለም።

አባባ ባርኔጣውን ሲቀበሉ መጀመሪያ አልደፉትም። ገልብጠው አሸተቱት። በውስጥ ቆዳው ዙሪያ ጣታቸውን አዞሩ። ከዚያ በመስታወቱ ፊት ቆመው ደፉት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጣል አደረጉት፤ አያቴም እንዲህ ያደርጉት ነበር ይላሉ። «የአባቴስ?» አሉኝ። ለምን ማንቸስተር ከረጢት ውስጥ እንደቀረ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስለ ጥንቸሉ፣ ስለ ብርቱካንማው ጠጉር፣ ስለ ተዘጋው መስኮት፣ ስለ ግማሹ ኩባያ። አያቴ እንዳልታመሙ፣ ባርኔጣ የደፋ ሰው ብዙም እንደማይጎዳ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የሠራው ሰውዬስ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ስሄድ ለአዛውንቱ ይህን ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» ብቻ አሉ። ለራሴም አንድ አዘዝኩ፤ ጥቁር ቡናማ፣ ክፈፉ ጠበብ ያለ። የራሴ ቅርጽ የወጣበት ወረቀት አሁን ከሌሎቹ ደንበኞች ወረቀት ጋር በኋለኛው ግድግዳ ላይ በስፒል ተሰክቷል፤ ስሜን በራሴ እጅ በአማርኛ ፊደል ጽፌበታለሁ። ሱቁ ሐሙስ፣ ዐርብና ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። አሮጌ ባርኔጣ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በፌስታል አስራችሁ ውሰዱት፤ አዛውንቱ መስኮቱን እስኪከፍቱም አታውጡት።